ጠጥቶ ማሽከርከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጓደኛ ጠረጴዛ፣ ከሠርግ ድንኳንና ከታክሲ ወንበር የለቀምኳቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ጠጥቶ ማሽከርከር የሚባለው ስንሰክር ነው ወይስ ገና ስንቀምስ?

ብዙ ሰው "ሰክሮ መንዳት" እና "ጠጥቶ መንዳት" አንድ ይመስሉታል። የሰከረ ሰው ያስታውቃል። ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ቁልፉን ይጥላል። የጠጣ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ሒሳብ ከፍሎ መልሱን ይቆጥራል፣ ሁሉንም ስሞ ተሰናብቶ መኪናው ውስጥ ይገባል። ሕጉ የሚያየው መንገዳገድን አይደለም። ደም ውስጥ ያለውን የአልኮል መጠን ነው።

መለኪያው በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ግራም አልኮል አለ የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርቶች የኢትዮጵያን ገደብ 0.08 ብለው ይመዘግባሉ። ድርጅቱ ራሱ ለአገሮች የሚመክረው ግን 0.05 ነው፤ ለወጣትና ለጀማሪ ሹፌሮች ደግሞ 0.02። የእኛ ገደብ ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው። ከገደቡ በታች ሆኖም ሰው መግጨት ይቻላል።

ታዲያ ስንት ቢራ ይፈቀዳል?

"ሁለት ጠጥተህ መንዳት ትችላለህ" የሚል ቁጥር ከማንም አትቀበሉ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፣ አብረን እንሥራው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ሦስት ጠርሙስ ቶሎ ቶሎ ቢጠጣ ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ 0.08 ይጠጋል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሁለት ጠርሙስ ብቻ 0.07 ልታልፍ ትችላለች። የሴት ሰውነት በአማካይ ከወንድ ያነሰ ውሃ ስለሚይዝ፣ ያው መጠጥ ደሟ ውስጥ በርከት ብሎ ይገኛል። ባዶ ሆድ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይፈጥናል።

ይህ እንግዲህ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር ለተጻፈበት መጠጥ ነው። ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ላይ ማን ጻፈ? የአንዷ ቤት ጠላ ውሃ ያህል ነው፤ የጎረቤቷ ግን ራስ ያዞራል። ጠጅ ቤት ገብታችሁ ለስላሳ ወይም ደረቅ ብላችሁ ታዛላችሁ እንጂ "በመቶ ስንት ነው?" ብትሉ የጣለችውም አታውቅም። የማሩ ጣፋጭነት ደግሞ ያታልላል፤ ሁለተኛው ብርሌ ሲያልቅ ገና ምንም ያልጠጣችሁ ይመስላችኋል። ዳግም አረቄ ከሆነማ ጥንካሬው ከውስኪ ጋር የሚወዳደር ነው። ጠጅ ቤት ወይም አረቄ ቤት ለሚሄድ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ መኪናው ቤት ይቅር።

እኔ ስጠጣ እንዲያውም ይበልጥ ተጠንቅቄ ነው የምነዳው። ምን ችግር አለው?

ይህን የሚሉ ሰዎች ከልባቸው ነው የሚሉት። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አልኮል እጅና እግር ላይ ከመድረሱ በፊት ራሳችንን የምንመዝንበትን አእምሮ ያደበዝዛል። "ደህና ነኝ ወይ?" ብሎ የሚጠይቀውና "ደህና ነህ" ብሎ የሚመልሰው ያው የጠጣ ጭንቅላት ነው። ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው።

በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ብትዘገዩ መኪናው 8 ሜትር ተጨማሪ ይሄዳል። 8 ሜትር ከአንድ ሚኒባስ ርዝመት በእጅጉ ይበልጣል። ጠጥቶ "የሚጠነቀቅ" ሰው ደግሞ ዓይኑን መስመሩ ላይ ተክሎ ከፊት ያለውን ብቻ ያያል። ከጎን፣ ከቆመ መኪና ኋላ ብቅ የሚለው እግረኛ አይታየውም። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ያስጠናው ትልቅ ጥናት እንደሚያሳየው፣ አደጋ የማድረስ ዕድል 0.05 ላይ ካልጠጣ ሰው እጥፍ፣ 0.08 ላይ አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ቡና ብጠጣ፣ ቁርጥ ብበላ፣ ፊቴን ብታጠብ አይለቀኝም?

አይለቃችሁም። አልኮሉን ከደም ውስጥ የሚያወጣው በዋናነት ጉበት ነው። ጉበት ደግሞ አይቸኩልም፤ በአማካይ በሰዓት 0.015 ያህል ብቻ ይቀንሳል። ቡና ዓይን ይከፍታል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያስደነግጣል፤ ደም ውስጥ ያለው አልኮል ግን ሁለቱንም አይሰማም። ማስመለስም ዘግይቷል፤ ወደ ደም የገባው ገብቷል።

ምግብ ትንሽ ለየት ይላል። ከመጠጣት በፊትና እየጠጡ መብላት አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ይህ እውነት ነው። ግን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ቁርጥ በአዋዜ በልቶ ስድስት ቢራ የጠጣ ሰው ስድስት ቢራ ጠጥቷል።

ማታ ጠጥቼ ተኛሁ፣ ጠዋት ተነሳሁ። አሁን መንዳት እችላለሁ አይደል?

ይህ ጥያቄ የሚገባውን ያህል አይጠየቅም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። እንደገና እናስላው። ያ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሠርግ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ስምንት ቢራ ጠጣ እንበል። በአምስት ሰዓት ውስጥ ብዙ አይመስልም። መጠጡን ሲያቆም ደሙ ውስጥ ወደ 0.14 የሚጠጋ አልኮል አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገና 0.06 አካባቢ ነው። ተኝቷል፣ ሻወር ወስዷል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ደሙ ንጹሕ የሚሆነው ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው።

አሁን ደግሞ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ማን እንዳለ አስቡ። ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ኪዳን የሚሄዱ እናቶች አሉ። ቱታ ለብሰው አስፋልት ዳር የሚሮጡ ልጆች አሉ። የመንገድ ጽዳት ሠራተኞች አሉ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። እነሱ ሲጠርጉ አጎንብሰው ነው። ጀርባቸው ወደሚመጣው መኪና ነው። የለበሱት አንጸባራቂ ሰደርያ በአቧራ ደብዝዟል። መጥረጊያው አስፋልቱን ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ ደግሞ የመኪናውን ድምፅ ይሸፍናል። መንገዱ ጭር ስላለ ሹፌሩ ፍጥነት ይጨምራል። እሁድ ማለዳ ከሠርግ ማግሥት መኪና ባስነሳሁ ቁጥር ያ መጥረጊያ ትዝ ይለኛል።

ከቃምን በኋላ ትንሽ ጨብሲ ብናደርግስ? ጫቱ ያነቃል፣ መጠጡ ያረጋጋል፤ ይመጣጠናል አይደል?

አይመጣጠንም። ጫት ንቁ የሆናችሁ እንዲመስላችሁ ያደርጋል። ከዚያ "ምርቃናውን ለመስበር" የሚጠጣው መጠጥ ብዙ ጊዜ ከተለመደው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ስካሩ ቶሎ አይሰማም። ሰውነት ሰክሯል፣ ዓይን ግን አልተኛም። "እንቅልፌ እንኳ አልመጣም፣ ደህና ነኝ" ብሎ ቁልፍ የሚያነሳው ይህ ሰው ነው። ጉበቱ የሚሠራው በያችው ፍጥነት ነው፤ ጫት በሰዓት 0.015ቱን አያፈጥንም።

ረጅም መንገድ የሚነዱ የጭነት ሹፌሮች ላይ ነገሩ ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ በጫት ነቅቶ የዋለ ሰው ማታ መንገድ ዳር ከተማ ላይ አርፎ ጨብሲ ያደርጋል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ተነስቶ ይነዳል። ድካሙ፣ መጠጡና የጫቱ መውረድ አንድ ላይ ይመጡበታል።

በገንዘቤ ጠጣሁ፣ በራሴ መኪና ነዳሁ። ሌላው ምን አገባው?

መንገዱ የጋራ ስለሆነ ነው የሚያገባው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል ከማንኛውም ምክንያት ቀዳሚው ይህ ነው። ከሟቾቹ ከአስር ዘጠኙ የሚሞቱት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቢራውንም መኪናውንም ያላዩ ሰዎች።

የሞተውን ዕድር ይቀብረዋል። የተረፈውስ? የአጥንት ሕክምና ክፍል ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ አይታችሁታል። እግሩ በገመድ ታስሮ ክብደት ተንጠልጥሎበት ለሳምንታት ጣራ ሲያይ የሚውል ወጣት አለ። አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ የምታድር አስታማሚ እህት አለች፤ ሥራዋን ትታ ነው የመጣችው። ልጁ የቀን ሠራተኛ ከነበረ ቤት ውስጥ ያሉት የሚበሉት ያው የቀን ገቢው ነበር። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ይሸጣል፣ ከዚያ ታናሹ ከትምህርት ይቀራል። ይህ ሁሉ ሐኪም ቤቱ "ቀላል ስብራት ነው" ባለበት ጊዜ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የሹፌሩ ቤተሰብ አለ። ለጠበቃ፣ ለካሳ፣ ለስንቅ ይሯሯጣል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ውስጥ "አባቱ ሰው ገድሎ ታሰረ" ይባላሉ። በአንድ ማታ መጠጥ ሁለት ቤት ይፈርሳል።

"በሞቴ!" ሲሉኝ እንዴት እምቢ ልበል?

ጠጥቶ ማሽከርከርን እንደ አንድ ሰው ጥፋት ብቻ ማየት ልክ አይመስለኝም። ያ ሰው ብቻውን አልጠጣም። "ይቺን ብቻ"፣ "ሳትጨርስ አትነሳም"፣ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን!" ያሉት እጆች አሉ። ፍቅራችንን የምንገልጽበት መንገድ ነው፤ ደስ ይላል። ለሚነዳ ሰው "በሞቴ" ማለት ግን ቃሉን ወደ እውነተኛ ትርጉሙ መመለስ ነው።

የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ ገና ስትቀመጡ ተናገሩ። ሦስተኛው ላይ "በቃኝ" የሚል ሰው ክርክር ይገጥመዋል። ሲገባ ጀምሮ "ዛሬ ነጂ ነኝ" ብሎ አምቦ ውሃውን ያዘዘ ሰው ግን ብዙም አይነካም። አራት ጓደኛሞች ከሆናችሁ ተራ ግቡ። ሠርግ የምትደግሱ ደግሞ ከአጃቢ መኪኖቹ ሹፌሮች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ከሪቦና ብርዝ እንዲሁም ለስላሳ በደንብ ይቅረብ። ለመኪና ኪራይና ለዲኮር ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ፣ ሙሽሮቹን የሚነዳው ሰው ምን እየጠጣ እንደሆነ የሚያይ አለመኖሩ ሁሌ ይገርመኛል።

አንድ ሠርግ ላይ የቅርብ ጓደኛዬን ቁልፍ ከጠረጴዛ አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ሲያጣው ገባው። ሰው ፊት ሰደበኝ፤ "አንተ ማነህ የምታዘኝ?" አለኝ። ራይድ ጠርቼ አሳፈርኩት፣ መኪናው እዚያው አደረ። ለአሥራ አምስት ቀን ስልኬን አላነሳም። ከዚያ አንድ ማታ ራሱ ደወለ፤ ስለ ቁልፉ አላወራም፣ ስለ ኳስ ነበር ያወራው። ያን አሥራ አምስት ቀን ደግሜ ብከፍለው ደስ ይለኛል።

ትራፊክ ቢያስቆመኝ ምን ይሆናል?

አዲስ አበባ ላይ የትራፊክ ፖሊስ በትንፋሽ አልኮል በሚለካ መሣሪያ ይፈትሻል። ቱቦው ላይ በደንብ ትነፋላችሁ፣ ቁጥሩ ወዲያው ይወጣል። ሚንት፣ ማስቲካ፣ ሎሚ መምጠጥ ጥቅም የለውም፤ መሣሪያው የአፍ ጠረን አያሸትም፣ ከሳንባ የሚወጣውን አየር ነው የሚለካው። ገደቡን ያለፈ ሰው ቅጣት ብቻ ከፍሎ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁ።

አንድ የሚያናድደኝ ልማድ አለ። ፊት ለፊት ለሚመጣው መኪና መብራት ብልጭ ድርግም አድርጎ "ትራፊክ አለ" ማለት። ደግነት ይመስላል። ማታ ላይ ግን ያ ምልክት የሚያስመልጠው ማንን እንደሆነ አታውቁም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መንገድ ላይ የሚደረግ የትንፋሽ ፍተሻ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ አደጋን 20 በመቶ ያህል ሊቀንስ ይችላል። መብራታችን ያንን ነው የሚያፈርሰው።

ጠጥቼ ሰው ብገጭና ቢሞትስ? "አደጋ ነው" አይባልም?

በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ላይ ነው ያለው። ተራው ቸልተኝነት በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ሊያልቅ ይችላል። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ይለያል። ሰውየው መጠጥ ወይም አደንዛዥ ነገር ወስዶ ራሱን ኃላፊነት በማይሰማው ሁኔታ ውስጥ ከከተተ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ ወይም ግልጽ ደንብ አውቆ የጣሰም እዚያው ውስጥ ይገባል። "ሰክሬ ስለነበር አላወቅኩም" የሚለው ቃል እንግዲህ መከላከያ አይሆንም፤ ቅጣቱን ወደ ላይ የሚያወጣው ራሱ እሱ ነው።

ሌላም አለ። የገጩትን ሰው ጥሎ መሄድ ለብቻው የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። ደንግጣችሁም ቢሆን ቁሙ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ደውሉ። ደም ሲፈስ ደቂቃ ዋጋ አለው።

ከሟች ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ ብንታረቅ ክሱ ይቀራል?

አይቀርም። ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ የሟች ቤተሰብ አይደለም። ቤተሰቡ "ይቅር ብለናል" ስላለ ፋይሉ አይዘጋም። እርቁ፣ የተከፈለው ካሳና የታየው ጸጸት ግን ፍርድ ቤት ቅጣት ሲያሰላ እንደ ማቅለያ ሊታዩ ይችላሉ።

ሽምግልናው ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ሰፈር ወይም በአንድ አጥቢያ ሲኖር ቂም እንዳያድር ያደርጋል። ብቻ እባካችሁ ሽማግሌ ስትልኩ ልቅሶው ሳይበርድ፣ ገንዘብ አስቀድማችሁ አትላኩ። አንዲት እናት ልጇን በቀበረች በሦስተኛ ቀን "ስንት ይበቃሻል?" መባል የለባትም።

ኢንሹራንስ አለኝ። እሱ አይሸፍነውም?

ሁለት ነገር ለዩ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 መሠረት ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ ነው፤ ዓላማውም የተጎዳው ሰው እንዳይወድቅ ነው። ገጭቶ ባመለጠና ባልታወቀ መኪና የተጎዳ ሰው እንኳ በመድን ፈንድ በኩል መብት አለው፤ ይህን ብዙ ተጎጂ ስለማያውቅ ሳይጠይቅ ይቀራል። አሁን ሥራውን የያዘው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው።

የራሳችሁ መኪና ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሙሉ ሽፋን የሚባሉት ውሎች በአብዛኛው ሹፌሩ ጠጥቶ ከነበረ ለመኪናው አይከፍሉም። ውላችሁን አውጥታችሁ "የማይሸፈኑ" የሚለውን ገጽ አንብቡ። በትንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው።

መኪናዬን ለወንድሜ አውሼው ጠጥቶ ሰው ቢገጭ እኔ ምን አገባኝ?

በወንጀል የሚጠየቀው የነዳው ነው። በካሳ ግን እናንተም አላችሁበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ቁልፉን ራሳችሁ የሰጣችሁት ከሆነማ የምትከራከሩት በምንድን ነው?

ስለዚህ ወንድም፣ አጎት፣ የሚስት ወንድም "መኪናህን ለአንድ ማታ" ሲላችሁ ወዴት እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሜትር ታክሲ ወይም ሚኒባስ አስይዛችሁ ለምታሠሩ ደግሞ ገቢ ብቻ አትጠይቁ። ሹፌሩ ማታ የት እንደሚያመሽ ጠይቁ።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። እዚህስ?

አሜሪካ ገደቡ 0.08 ነው፤ ዩታ ግዛት ብቻ በፈረንጆቹ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ 0.05 አድርጋለች። ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ልጅ ትንሽም ቢገኝበት ይቀጣል። ትንፋሽ አልሰጥም ማለት ራሱ መንጃ ፈቃድ ሊያሳግድ ይችላል። ከወገኖቻችን ብዙው የትራክ ሹፌር ስለሆነ ይህን በተለይ አስምሩበት፦ የንግድ መንጃ ፈቃድ ላለው ሰው ትራኩ ላይ ሲሆን ገደቡ 0.04 ነው፤ እሁድ ቀን በግል መኪናው ጠጥቶ ነድቶ ቢፈረድበት እንኳ የንግድ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ያጣል። የእንጀራው ገመድ ተበጠሰ ማለት ነው። ዜግነት ለሚጠይቅ ሰውም ሁለት ጊዜ በዚህ መቀጣት "መልካም ሥነ ምግባር" የሚለውን መስፈርት ይነካበታል።

እስራኤል አጠቃላይ ገደቡ 0.05 ነው፤ ከ24 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ለአዲስ ሹፌሮችና ለከባድና ለሕዝብ ማመላለሻ ሹፌሮች ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። ጀርመን 0.05፣ ለጀማሪዎች ዜሮ። ስዊድን 0.02፣ ማለትም አንድ ቢራ እንኳ አያስተማምንም። ሳዑዲ ውስጥ መጠጡ ራሱ ወንጀል ነው። ኤምሬትስ ደግሞ ለሚነዳ ሰው ምንም ዓይነት መጠን አትፈቅድም፤ እስርና ከአገር መባረር ሊያስከትል ይችላል።

የተሳፈርኩበት ታክሲ ሹፌር ጠጥቷል። ምን ላድርግ?

"ወራጅ አለ!" በሉና ውረዱ። ሒሳቡን መልስ ብላችሁ አትከራከሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁና ከመሸ፣ ብርሃንና ሰው ያለበት ቦታ ላይ ውረዱ። ታርጋውን ያዙና 991 ደውሉ፤ አቅጣጫውንም ተናገሩ። አብረዋችሁ ላሉት ተሳፋሪዎችም ጮክ ብላችሁ ንገሩ። አንድ ሰው ሲናገር ሌላውም "እኔም ሸቶኝ ነበር" ይላል፤ ሁሉም የመጀመሪያውን ሰው እየጠበቀ ነው።

የሚጠጣው አባቴ ነው። ቁልፉን እንዴት ከእጁ እወስዳለሁ?

ይህን ጥያቄ በድምፅ ቀንሰው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጓደኛን መሳደብ ይቻላል፤ አባትን ግን ዓይኑን አይቶ "ሰክረሃል" ማለት ለእኛ ከባድ ነው። አትበሉትም። ማታ፣ ሞቅ ባለው ሰዓት፣ ልጆችና እንግዶች ፊት የሚባል ነገር ሁሉ ወደ ክብር ጉዳይ ይለወጣል። ማታ ላይ የሚሠራው "አባዬ፣ እኔ ልንዳልህ፤ እግረ መንገዴን እክስቴ ቤት ዕቃ አደርሳለሁ" ነው። መንዳት የማትችሉ ከሆነ "ጎማው ተንፍሷል፣ ነገ እናሠራዋለን" ብላችሁ ታክሲ ጥሩ። እንዲህ ያለ ማታ ላይ ከእውነቱ ይልቅ ቁልፉ ይቀድማል።

ዋናው ወሬ የጠዋት ነው። ቡና እየተጠጣ፣ ጥቂት ሰው ሲኖር። አለመክሰስ ይሻላል፤ ያያችሁትን ብቻ ንገሩት። "ትናንት በሩን ስትገባ የግንቡን ጠርዝ ነካኸው፤ ሚሚ ብስክሌቷን እዚያ ነበር የምታቆመው" ማለት "ሰካራም ሆንክ" ከማለት ሩቅ ይሄዳል። እናንተን ካልሰማ የሚሰማውን ሰው ፈልጉ፦ ታላቅ ወንድሙን፣ የንስሐ አባቱን ወይም የመስጊዱን ኢማም፣ አብሮት ያገለገለ የድሮ ባልደረባውን።

ቁልፉን ብትወስዱም፣ ብትለምኑትም በየቀኑ የሚደገም ከሆነ ነገሩ ከመንዳት ያልፋል። እጁ ጠዋት ላይ ከተንቀጠቀጠና ሳይቀምስ መዋል ካቃተው በራሱ ጊዜ በድንገት እንዲያቆም አታስገድዱት፤ ለሕይወት ሊያሰጋ ስለሚችል ሐኪም ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላይ እንደ አማኑኤል ያሉ ሆስፒታሎች ለመጠጥ ሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። "ሂድና ታከም" ብላችሁ ብቻውን አትላኩት። ካርድ ሲወጣ አብራችሁት ተሰለፉ፣ ወረፋው ሲረዝም አጠገቡ ተቀመጡ፣ ስትመለሱም መኪናውን እናንተ ንዱ።